የሟች ዘመድን ስም ለሕፃን ስለ ማውጣት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



የኢዮቤልዩ በዓል የመታሰቢያ በዓል ነው። በመታሰቢያም ቀን ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ስም ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑን የሠሩት፣ ያገለገሉበት፣ በዐጸዱም ያረፉት ሁሉ ዛሬ በስማቸው ይታሰባሉ። ስለዚህ በዚህ ቀን ስለ ስም ጥቂት ቃል መናገር የተገባ ሆኗል። ነገሩም በብዙ ቤት ክርክር የሚያስነሣ፣ ካህናትም ደጋግመው የሚጠየቁበት ነው፤ ይኸውም አዲስ ለተወለደ ሕፃን የሞተ ዘመዱን ስም ማውጣት ይገባልን ወይስ አይገባም የሚል ነው።

ነገሩ በምሳሌ ቢታይ ይቀላል። ከጮቄ ተራራ በታች ካሉት አጥቢያዎች በአንዱ የሚኖር ቤተሰብ በሐሳብ ይቀመጥ። የቤቱ የበኵር ልጅ ገና በጕልማሳነቱ፣ ልጅ ሳይወልድ፣ የጤፉ አዝመራ ሳይገባ ታሞ ሞተ። ሚስቱ ጥቁር ለብሳ ከአማቷ ጋር ተቀመጠች። የ40 ቀን ተዝካሩ በወጣ በሳምንቱ የታናሽ ወንድሙ ሚስት ወንድ ልጅ ወለደች። ልቅሶ በነበረበት ቤት እልልታ ተሰማ። አራስ ሊጠይቁ የመጡት ሴቶች ገንፎውን ቀምሰው ሳይጨርሱ አያቲቱ «ልጄ ተመልሶልኛል፤ ስሙም የልጄ ስም ነው» አለች። አራሷ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ዕድሜው ያጠረ ሰው ስም የልጇን ዕድሜ የሚያሳጥር መስሏት ፈርታለችና፤ ይህንንም ለአማቷ መናገር አልደፈረችም። የሟቹ ሚስት በጓዳ ሆና ሁሉን ሰማች፤ እርሷም አንድ ቃል አልተናገረችም። የሕፃኑም አባት በእናቱና በሚስቱ መካከል ሆኖ የሚለው ጠፋው።

አያቲቱ የተመኘችው ከንቱ ነገር አይደለም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ ነገር ግን ልጅ ሳይተካ የሞተ ሰው ስሙን የሚያነሣ አፍ ከዓመት ወደ ዓመት እያነሰ ይሄዳል፤ እናትም ይህን ከማንም ቀድማ ታውቃለች። የአራሷም ፍርሀት የሚናቅ አይደለም፤ ጡት የሚጠባ ልጅ ያላት እናት ነፋሱንም ትፈራለች። የሟቹ ሚስት ዝምታ ግን ከሁለቱም ይልቅ ሊደመጥ ይገባው ነበር፤ እርሱም በኋላ ይነገራል።

አስቀድሞ የአገሩ የስም ሥርዐት ምን እንደ ሆነ መመልከት ያስፈልጋል። በብዙዎቹ የአውሮፓ አገሮች አንድ የቤተሰብ ስም ከአባት ወደ ልጅ፣ ከልጅም ወደ ልጅ ልጅ ሳይለወጥ ይተላለፋል። በኢትዮጵያ ግን ሰው የሚጠራው በገዛ ስሙ ነው፤ ቀጥሎ የአባቱ፣ ከዚያም የአያቱ ስም ይከተላል። ስለዚህ አባቱ ወይም የአባቱ አባት የሞተበት ሕፃን፣ ስማቸው ዳግመኛ ባይወጣለትም፣ ከስሙ ቀጥሎ ይዞት ይኖራል፤ በትምህርት ቤት ሲመዘገብ፣ በዳኛ ፊት ሲቆም፣ እርሱ በተጠራ ቍጥር ሟቹም አብሮ ይጠራል። ዳሩ ግን በዚህ ሥርዐት ውስጥ የማይገቡ አሉ። ልጅ ሳይወልድ የሞተ አጎት አይገባም። አክስት አትገባም። ከሁሉም ይልቅ እናትና ሴት አያት አይገቡም፤ እስከ ሰባት ቤት ድረስ የአባቶቹን ስም ሳያቋርጥ የሚቈጥር ሰው የእናቱን እናት ስም ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። እንግዲህ የሟች ስም እንዳይጠፋ የሚያሠጋ ነገር ካለ፣ ሥጋቱ በእውነት ያለው በዚህ ዘንድ ነው።

ስለዚህ ነገር ቅዱሳት መጻሕፍት ምን ያሳያሉ? በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 25 ልጅ ሳይወልድ የሞተ ሰው ስሙ እንዳይደመሰስ ወንድሙ ዘር እንዲያቆምለት ተደንግጓል። ስለዚህ የሟችን ስም ለማቆየት መድከም በሕግም የታሰበ ነገር ነው። በመጽሐፈ ሩትም ቦዔዝ ሩትን ያገባው የሟቹን የመሐሎንን ስም በርስቱ ላይ ለማቆም እንደ ሆነ በከተማው በር በሽማግሎች ፊት ተናገረ። ልጁ ሲወለድ ግን መሐሎን አልተባለም፤ የሠፈሩ ሴቶች ኢዮቤድ ብለው ጠሩት፤ እርሱም የዳዊት አያት ሆነ። ሔዋንም አቤል ከሞተባት በኋላ ወንድ ልጅ ስትወልድ ሁለተኛ አቤል አላለችውም፤ እግዚአብሔር በአቤል ፈንታ ሌላ ዘር እንደ ሰጣት ተናግራ ሤት አለችው እንጂ። ራሔልም በምጥ ልትሞት ስትል ልጇን የኀዘኔ ልጅ ብላ ጠራችው፤ ያዕቆብ ግን ብንያም አለው። ይህን ማድረጉ ራሔልን ስላልወደዳት አይደለም፤ በመቃብሯ ላይ ሐውልት አቁሞላታልና። ኀዘኑን በሐውልቱ ላይ አኖረ እንጂ በሕፃኑ ላይ አላኖረም።

በሉቃስ ወንጌልም በምዕራፍ 1 የተጻፈው ታሪክ ለዚህ ጕዳይ እጅግ የቀረበ ነው። ኤልሳቤጥ በወለደች በስምንተኛው ቀን ጎረቤቶችና ዘመዶች ተሰብስበው ሕፃኑን በአባቱ ስም ዘካርያስ ሊሉት ፈለጉ። እናቲቱ ዮሐንስ ይባል አለች። ከዘመዶቿ መካከል በዚህ ስም የተጠራ እንደሌለ ተናግረው ተከራከሯት። ዘካርያስም መጻፊያ አስመጥቶ የእናቲቱን ቃል በጽሕፈት አጸና። ስም ከቤት ይወጣል፣ ጎረቤት ይቀበላል እንደሚባለው፣ ስሙ ከቤት ወጣ፤ ጎረቤትም እየተደነቀ ተቀበለ። ይህ ታሪክ ዘመድን በስም መከተል ክፉ ነው አይልም። የሚያሳየው ሕፃን የራሱ ጥሪ እንዳለው፣ የእናትም ቃል ሊደመጥ እንደሚገባው ነው።

የአማርኛ ቋንቋም የሔዋንን መንገድ ያውቃል። በጎጃምም ሆነ በሌላው የአማራ አገር ከኀዘን በኋላ ለተወለደ ልጅ የሟቹን ስም ከመድገም ይልቅ ካሳ፣ ካሳዬ፣ ተካ፣ ምትኩ፣ ማስረሻ፣ ይርሳው እያሉ ማውጣት የቆየ ልማድ ነው። የቅኔ ተማሪ እነዚህን ስሞች ቢፈታ ሰምና ወርቅ ያገኝባቸዋል፤ ሰሙ የሚጠራው ሕፃን፣ ወርቁ ያልተጠራው ሟች ነው። ዳሩ ግን ከእነዚህም መካከል ልዩነት አለ። ካሳ የሚለው ስም እግዚአብሔርን ያመሰግናል፤ ካሹ እርሱ ነውና። ማስረሻ የሚለው ግን ሥራውን ለሕፃኑ ይሰጠዋል። በዚህ ስም የሚጠሩ ብዙ ደጋግ ሰዎች አሉ፤ ወላጆቻቸውም በፍቅር አውጥተውላቸዋል። ሆኖም ወላጅ ይህን የመሰለ ስም ሲያወጣ ኀዘንን ማስረሳት የእግዚአብሔር ሥራ እንጂ የሕፃን ዕዳ አለመሆኑን ማወቅ ይገባዋል።

ከታሪክም ምስክር አይታጣም። የደብረ ማርቆስ ከተማ ራሷ ቀድሞ መንቆረር ትባል ነበር፤ በኋላ በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ደብረ ማርቆስ ተባለች። ራስ አዳል ተሰማም በጥር 1873 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እጅ የጎጃም ንጉሥ ሲሆኑ ተክለ ሃይማኖት ተባሉ፤ ይህም የጻድቁ ስም ነው። ንጉሡ በ1893 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ጎጃምን የገዙት ልጃቸው ራስ ኃይሉ አስቀድሞ ስማቸው ስዩም ነበር። ከእርሳቸው በፊትም በጎንደር ነገሥታት ዘመን መጨረሻ ጎጃምን የገዙ ሌላ ራስ ኃይሉ ነበሩ። የፊተኛው ታሪክ ሌላ፣ የኋለኛው ሌላ ነው፤ ስማቸው አንድ መሆኑ ሥራቸውን አንድ አላደረገውም። በጎንደርም የዐፄ በካፋ ልጅ የአያቱን የዐፄ ኢያሱን ስም ይዞ በ1723 ዓ.ም. በሕፃንነቱ ነገሠ። አያቱ አድያም ሰገድ፣ እርሱ ብርሃን ሰገድ ተባሉ። አንድ ስም ለሁለት ሰው በሆነ ጊዜ እያንዳንዱ የሚለይበት ሌላ ስም አስፈልጎት ነበር ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ግን የራስ መኰንን ስም ነገር ነው። ራስ መኰንን በመጋቢት 1898 ዓ.ም. በቁልቢ ዐረፉ። ልጃቸው ተፈሪ መኰንን፣ በኋላ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ፣ ከወለዷቸው ልጆች አንዱን በአባታቸው ስም መኰንን አሉት። ልዑሉም የሐረር መስፍን ተባለ፤ ሐረር አያቱ የገዟት አገር ናት። እንዲህም የአያቱ ስም የአያቱን አገር አስከትሎ መጣ። በግንቦት 1949 ዓ.ም. ግን ልዑል መኰንን በጕልማሳነቱ በመኪና አደጋ ሞተ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በአንድ ስም ሁለት ጊዜ አለቀሱ፤ መጀመሪያ ለአባታቸው፣ ኋላም ለልጃቸው። ይህን ሰምቶ ስሙ ገደለው የሚል ቢኖር ይሳሳታል፤ ሞት ስም አይመርጥም። የነገሩ ትምህርት ሌላ ነው፤ የሟችን ስም ለልጅ ማውጣት ሟቹን አይመልሰውም፤ ልጁንም ከሞት አይጠብቀውም።

ስም ዕድሜን ያሳጥራል የሚለው ፍርሀት መሠረት እንደሌለው ከሌሎች ሕዝቦች ልማድም ይታወቃል። ከመካከለኛውና ከምሥራቅ አውሮፓ የሆኑት አይሁድ ልጆቻቸውን በሞተ ዘመድ ስም ይጠራሉ፤ በሕይወት ያለውን ዘመድ ስም ግን ይሸሻሉ። ዘራቸው ከእስፓኝ የተሰደደው አይሁድ ደግሞ በሕይወት ባለ አያት ስም መጥራትን እንደ ክብር ይቈጥሩታል። በግሪኮችም ዘንድ ልጅን በአያቱ ስም መጥራት የጸና ልማድ ነው። አንዱ የሚፈራውን ሌላው የሚያከብረው ከሆነ፣ ነገሩ የሰው ልማድ እንጂ የስሙ ኃይል አይደለም። ስለዚህ የምትፈራ እናት በተግሣጽ ሳይሆን በማስረዳት ትጽናና።

ቤተ ክርስቲያንም ለዚህ ክርክር የሚበቃ ሥርዐት አላት። ወንድ በ40 ቀን፣ ሴት በ80 ቀን ይጠመቃሉ፤ ያን ጊዜ ካህኑ የክርስትና ስም ይሰጣል። ሰው ሲቈርብ፣ ሥርዐተ ተክሊልም ሲፈጸምለት የሚጠራው በዚህ ስም ነው፤ ሲሞትም ፍትሐቱ የሚደርሰው በዚህ ስም ነው። ኃይለ ሥላሴ የሚለውም ስም የተፈሪ መኰንን የክርስትና ስም ነበረ፤ በጥቅምት 1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ የመንግሥት ስማቸው ሆነ። እንግዲህ ቤተሰብ በቤት የሟችን ስም ቢያወጣም ባያወጣም፣ ሕፃኑ በእግዚአብሔር ፊት የሚቆምበት የገዛ ስም ይሰጠዋል። ሟቹም ያለ ወራሽ አይቀርም፤ በ40 እና በ80 ቀኑ፣ በመንፈቁና በሙት ዓመቱ በክርስትና ስሙ ይታሰባል። ልብ ይባል፤ ሕፃኑ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚገባው በ40 ቀን ነው፤ የሟቹም ተዝካር የሚወጣው በ40 ቀን ነው። ቤተ ክርስቲያን ለሁለቱም አንድ ቍጥር ሰጥታለች፤ ስማቸውን ግን ለየብቻ ትጠራለች። በዚህ ጕዳይ ላይ የሚባለው ሁሉ በዚህ ይጠቃለላል፤ ሟቹ በጸሎት፣ ሕፃኑ በጥምቀት፣ እያንዳንዱ በስሙ ይኑር።

መቸኰልም አያስፈልግም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 760 ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዝዛል፤ የወንዱ 40 ቀንም የሴቲቱ 80 ቀንም በዚህ ውስጥ ይገባሉ። በአራስነቱ ሰሞን በእልልታና በእንባ መካከል የተቈረጠው ነገር ጥቂት ቀን ቢያድር ይበስላል እንጂ አይበላሽም።

በእነዚያም ቀኖች ቤተሰቡ እነዚህን ነገሮች ይጠይቅ። አንደኛ፤ እናቲቱ በእውነት ፈቅዳለችን፣ ወይስ ዝም ያለችው አፍራ ነው? ሁለተኛ፤ ይህ ስም በቤት ውስጥ ቀንና ሌሊት ሲጠራ የማንን ቍስል ይነካል? ሦስተኛ፤ የሟቹ ስም ሌላ መኖሪያ አለውን፣ ይኸውም ልጆቹ ከስማቸው ቀጥለው ይዘውት ይኖራሉን? አራተኛ፤ ሕፃኑ አድጎ ስለ ስሙ ሲጠይቅ የሚነገረው ታሪክ የሚያስመካው ነው ወይስ የሚያስጨንቀው? ለእነዚህ ሁሉ መልካም መልስ ከተገኘ የሟችን ስም ማውጣት በረከት ነው፤ ማንም አይከልክል። መልስ ያልተገኘ እንደ ሆነ ግን ስሙ ለጸሎት ይቀመጥ።

አሁን በምሳሌ ወደ ተነሣው ቤት እንደ ገና ይመለስ። ከክርስትናው ቀን በፊት የቤቱ የነፍስ አባት መጡ። አያቲቱ መስቀል ተሳልማ ነገሩን ሁሉ ነገረቻቸው። እርሳቸውም ካደመጡ በኋላ የሟቹን ሚስት ከጓዳ አስጠሩና «አንቺስ ምን ትያለሽ ልጄ?» አሏት። እርሷም ብዙ ጊዜ ዝም ካለች በኋላ እንዲህ አለች፤ «አባቴ፤ ስሙ ቢጠራ ደስ ይለኝ ነበር። ነገር ግን ልጅ ያጠፋል። ከብት ከእህል ቢያስገባ ይቈጡታል፤ ይሰድቡታልም። ያን ጊዜ የባሌን ስም በስድብ እሰማለሁ፤ ይህን አልችልም።»

ይህን የሰማ ሁሉ ዝም አለ፤ አያቲቱም ነጠላዋን ወደ ዐይኗ አነሣች። እንዲህ ያለውን ነገር አላሰበችውም ነበርና። በመጨረሻም «እንግዲያ ካሳ ይባል፤ እግዚአብሔር ክሶኛልና» አለች። አራሷም ከተኛችበት ቀና ብላ «ይባል» አለች። የነፍስ አባትም የሟቹን የክርስትና ስም ጠይቀው በመታሰቢያው መዝገብ አሰፈሩት፤ ለሕፃኑም በክርስትናው ቀን ሌላ ስም እንደሚሰጠው ተናገሩ።

ከመሄዳቸውም በፊት አያቲቱን «የእናትሽ ስም ማን ነበር?» ብለው ጠየቋት። እርሷም ነገረቻቸው። ልጇና የልጆቿ ሚስቶች ያን ስም ያን ጊዜ ገና መስማታቸው ነበር። አባትም «ይህ ስም የሚቀጠልበት የለውም፤ ከዚህ ቤት ሴት ልጅ ስትወለድ ይታሰብ» ብለው ባርከው ወጡ።

ክቡራን ሆይ፤ ከዚህ ጉባኤ ወደየቤቱ የሚመለስ ሁሉ ዛሬ ማታ የእናቱን እናት ስም ይጠይቅ፤ በቤቱ ያለ ልጅም እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገረው። ስም የሚጠፋው ለሕፃን ስላልወጣ ብቻ አይደለም፤ የሚያነሣው ሰው ስለታጣ ነው። ያረፉትን ነፍሳቸውን ይማር፤ የተወለዱትን በጥበብና በሞገስ ያሳድግ። አሜን።